ሁለት ፓውንድ ሥጋ፣ አንድ ደርዘን እንቁላል፦ አሜሪካ ውስጥ አስቤዛ ለሚገዛ ጀማሪ የእንግሊዝኛ መመሪያ

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው የምግብ ስም ብዙም አይቸግረውም። ሙዝ «ባናና»፣ ሩዝ «ራይስ»፣ ዶሮ «ቺክን» መሆኑን ከአገር ቤት ይዞት ይመጣል፤ የጎደለውን ስልኩ ይነግረዋል። የሚያደናቅፈው ሌላ ነው። ሥጋ ቆራጩ ፊት ቆሞ ስንት ፓውንድ፣ ስንት ፍሬ፣ ቀጭን ነው ወፍራም ተብሎ ሲጠየቅ ጣት መቀሰር ይጀመራል። ስለዚህ እዚህ የሚያገኙት የምግብ ስም ዝርዝር አይደለም። ነገሩ ስሙን ከመጠኑና ከመያዣው ጋር አንድ ላይ ማጥናት ነው። «ራይስ» ብሎ ብቻውን ያጠና ሰው ግማሹን ነው የያዘው፤ «ኤ ባግ ኦቭ ራይስ» ብሎ ያጠና ግን ገዝቶ ይመለሳል።

ምሳሌዎቹ የአሜሪካ ናቸው። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ አንባቢ ስለ ፓውንድና ጋሎን የሚያወራውን ክፍል ይዝለለው፤ እዚያ ገበያው በኪሎና በሊትር ነው። ለንደን ያለውም እንዲሁ፤ ወተትን ግን እስካሁን በፓይንት ሲለካ ያገኘዋል፤ የእንግሊዙ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው።

1. ከጓዳዎ ይጀምሩ

ደብተር ይያዙና በሳምንት ውስጥ በእርግጥ የሚያበስሉበትን ነገር ሁሉ ይጻፉ። ሃያ ገደማ ቢሆን ይበቃል። እንጆሪውና አስፓራገሱ ይቆይ፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይቅደሙ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ነገር ያስፍሩ፤ ድምፁን በእኛ ፊደል፣ አጻጻፉን ደግሞ ከእሽጉ ላይ እያዩ በእነሱ ፊደል። ድምፁ ለመጠየቅ ነው፣ አጻጻፉ መደርደሪያ ላይ ዕቃውን ለመለየት። ፎቶ ማንሳት ይቀላል፤ በእጅ የተገለበጠ ግን አይረሳም።

ሲተረጉሙ ቃል በቃል አይሂዱ። ዋናው ወጥመድ ነጭ ሽንኩርት ነው። «ዋይት አንየን» ብለው ከጠየቁ ነጭ ልጣጭ ያለው ትልቅ ሽንኩርት ይሰጥዎታል፤ ነጭ ሽንኩርት «ጋርሊክ» ነው፣ በስም ከሽንኩርት ጋር አይገናኝም። ቀይ ሽንኩርት «ሬድ አንየን» ቢባል ያስኬዳል፤ አሜሪካኖች በብዛት የሚያበስሉበት ግን ቢጫ ልጣጭ ያለው «የሎ አንየን» ነው፣ ለወጥም ይሆናል። ትንሿ አረንጓዴ ሎሚያችን «ላይም» ትባላለች፤ «ሌመን» ካሉ ቢጫዋንና ትልቋን ነው የሚያገኙት። ቃሪያ ፈልገው «ግሪን ፔፐር» ያሉ እንደሆነ የፈረንጅ ቃሪያ ይዘው ይገባሉ፤ የሚያቃጥለውን ከፈለጉ «ሃላፔንዮ» ወይም «ሴራኖ» ይበሉ። ጥቅል ጎመን «ካቤጅ» ነው፤ ለጎመን ወጥ የሚሆነው ደግሞ «ካለርድ ግሪንስ»። ለማንጠር ቅቤ ሲገዙ «አንሶልትድ በተር» የሚለውን ይምረጡ፣ ጨው የሌለበት ማለት ነው።

ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለኮረሪማ እንግሊዝኛ ፍለጋ አይድከሙ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ከተሞች፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ እዚያ በአማርኛ ጠይቀው ይወጣሉ። እንግሊዝኛው ለትልቁ መደብር ይቀመጥ። ስለ መደብር ከተነሳ፣ «ግሮሰሪ» ሲባል አዲስ አበባ ቢራ የሚጠጣበት ቤት ትዝ ሊልዎ ይችላል፤ አሜሪካ ግን አስቤዛ የሚገዛበት ሱቅ ነው፣ የተገዛው አስቤዛም ራሱ «ግሮሰሪስ» ይባላል።

አፍ ላይ የሚቀያየሩ ጥንዶችም አሉ። ዶሮ «ቺክን»፣ ማድ ቤት «ኪችን»። ሾርባ «ሱፕ»፣ ሳሙና «ሶፕ»። «ሳልሞን» ብለው ያጠኑት ዓሣ ሲነገር ኤል አይሰማበትም፣ «ሳመን» ነው። ደግሞም ሾርባ በእኛ ይጠጣል፣ በእነሱ ግን በማንኪያ እስከሆነ ድረስ ይበላል፤ «አይ ኢት ሱፕ»።

2. የሚቆጠረውን ከማይቆጠረው ይለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው።

በአማርኛ «ሦስት እንቁላል»፣ «አምስት ብርቱካን» እንላለን። ቁጥሩ ከተጠራ ብዙ መሆኑ ታውቋልና «እንቁላሎች» ማለት አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ በዚህ አይስማማም። ሦስት ብለውም ቢሆን የስሙ መጨረሻ ላይ ኤስ ይጠብቃል፦ «ስሪ ኤግዝ»፣ «ፋይቭ ኦረንጀዝ»። እንግሊዝኛው ከተስተካከለ በኋላ እንኳ የእኛን ሰው ለዓመታት የምትከተለው ስህተት ይህቺ ናት፣ ከመጀመሪያው ቀን ይያዟት። ኤስ ሁልጊዜ «ስ» ተብላ አትነበብም፤ «ካሮትስ» ላይ ስ፣ «አፕልዝ» ላይ ዝ ትሆናለች፣ «ኦረንጀዝ» ላይ ደግሞ አንድ ድምፅ ትጨምራለች። ጀማሪ በዚህ አይጨነቅ። ስ ብትሆንም ዝ ብትሆንም ይገባቸዋል፤ መቅረት ብቻ የለባትም።

ሌላው ወገን የማይቆጠረው ነው፦ ራይስ፣ ብሬድ፣ ሚልክ፣ ሚት፣ ሹገር፣ ሶልት፣ ፍላወር (ዱቄት)፣ በተር፣ ኦይል፣ ዋተር። እነዚህ ኤስ አይወዱም። ሁለት ዳቦ ለማለት «ቱ ብሬድስ» አይባልም፤ እንዴት እንደሚባል ቀጥሎ ያለው ክፍል ላይ ይመጣል።

ምክንያቱን በማሰላሰል ለማግኘት አይሞክሩ። ሩዝም ምስርም ትንንሽ ፍሬ ናቸው፤ ሆኖም «ራይስ» አይቆጠርም፣ ምስር ግን «ሌንትልስ» ተብሎ ኤስ ይይዛል። ሽምብራም «ቺክፒዝ»፣ ቦሎቄም «ቢንዝ»። «አንየንዝ» ይቆጠራል፣ «ጋርሊክ» አይቆጠርም። በቃል መያዝ ነው ያለው መንገድ። የደብተርዎን ገጽ ለሁለት ይክፈሉና ሃያዎቹን ዕቃዎች በግራና በቀኝ ያከፋፍሏቸው።

ክፍፍሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ላይ ነው። የእኛ «ስንት» ለሁሉም ይሆናል፤ ስንት እንቁላል፣ ስንት ዱቄት፣ ስንት ነው ዋጋው። እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። ለሚቆጠረው «ሃው ሜኒ»፦ «ሃው ሜኒ ኤግዝ ዱ ዩ ኒድ?» ለማይቆጠረው «ሃው መች»፦ «ሃው መች ራይስ ዱ ዩ ኒድ?» ዋጋ ሲሆን ግን ቢቆጠርም ባይቆጠርም ሁልጊዜ «ሃው መች» ነው። «ሃው መች አር ዘ ኤግዝ?» ካሉ ዋጋውን ጠየቁ፤ «ሃው ሜኒ ኤግዝ?» ካሉ ብዛቱን። ሻጩ «ትዌልቭ» ብሎ ቢመልስልዎ 12 ዶላር ይሁን 12 ፍሬ የሚያውቁት ጥያቄዎን በትክክል ከጠየቁ ብቻ ነው።

«ብዙ»ም እንዲሁ በሜኒና በመች ይከፈላል፤ እዚህ ላይ ግን ማምለጫ አለ። «ኤ ላት ኦቭ» ለሁለቱም ይሠራል፦ «ኤ ላት ኦቭ አንየንዝ»፣ «ኤ ላት ኦቭ በተር»። ልኩን መናገር ካልፈለጉ «ሰም»ም ለሁለቱም ይሆናል፦ «አይ ኒድ ሰም ፖቴቶዝ»፣ «አይ ኒድ ሰም ሚልክ»። ለጥቂት ግን ማምለጫ የለም፤ ለሚቆጠረው «ኤ ፊው»፣ ለማይቆጠረው «ኤ ሊትል»።

«ቱ መች» የሚለውን ይጠንቀቁ። ብዙዎቻችን «በጣም» ለማለት እንጠቀምበታለን፤ እነሱ ጆሮ ላይ ግን «ከልክ በላይ» የሚል ቅሬታ ነው። ጎረቤትዎ ያመጣችልዎትን ኬክ «ቱ መች ስዊት» ካሉ አመሰገንኳት ብለው አስቀየሟት። «ቬሪ ጉድ» ይበቃል።

3. እያንዳንዱን ምግብ ከመያዣው ጋር ያጥኑ

የማይቆጠር ነገር የሚቆጠረው በመያዣው ወይም በመለኪያው ነው። እኛም «ሁለት ኪሎ ሥጋ» ስንል ያንኑ እናደርጋለን፤ ልዩነቱ እነሱ መሃል ላይ «ኦቭ» ይጨምራሉ፣ ኤስንም መለኪያው ላይ ይሰኩታል። «ቱ ፓውንድዝ ኦቭ ቢፍ»። ሥጋው እንዳለ ነው፣ የበዛው ፓውንዱ ነው። ዕቃው ራሱ የሚቆጠር ከሆነ ሁለቱም ላይ ይገባል፦ «ቱ ፓውንድዝ ኦቭ ካሮትስ»። ሲናገሩ «ኦቭ»ን ይውጧታል፤ «ካፐ ኮፊ»፣ «ፓውንደ ራይስ» የሚመስል ድምፅ ከሰሙ እሷ ናት።

ከጓዳዎ ዝርዝር ጋር የሚሄዱት እነዚህ ናቸው፦

ዳቦ፦ ሙሉው «ኤ ሎፍ ኦቭ ብሬድ»፣ ቁራሹ «ኤ ስላይስ ኦቭ ብሬድ»። ሁለት ሙሉ ዳቦ ሲሆን «ቱ ሎቭዝ ኦቭ ብሬድ»።
ነጭ ሽንኩርት፦ ሙሉ ራሱ «ኤ ሄድ ኦቭ ጋርሊክ»፣ ከራሱ የምትፈለፈለው አንዷ ፍሬ «ኤ ክሎቭ»። ቅርንፉድም «ክሎቭ» ነው የሚባለው፤ የምግብ አሠራር ሲያነቡ «ኦቭ ጋርሊክ» የሚል መከተሉን ይዩ።
ጥቅል ጎመን፦ «ኤ ሄድ ኦቭ ካቤጅ»።
ጎመን፣ የድንብላል ቅጠል፣ በእስር የሚሸጥ ሁሉ፦ «ኤ በንች ኦቭ»።
የቲማቲም ድልህ፦ «ኤ ካን ኦቭ ቶሜቶ ፔስት»።
ዘይት፦ «ኤ ባትል ኦቭ ኦይል»። ማር፦ «ኤ ጃር ኦቭ ሀኒ»። ፓስታ፦ «ኤ ባክስ ኦቭ ፓስታ»።
ወተት፦ «ኤ ጋለን ኦቭ ሚልክ»።
ቅቤ፦ «ኤ ስቲክ ኦቭ በተር»። አንዷ ስቲክ 113 ግራም ናት፤ አራቱ ሲሰበሰቡ አንድ ፓውንድ ይሆናሉ።

እንቁላል ከዚህ ሕግ ያፈነግጣል። «ኤ ደዝን ኤግዝ» ሲባል «ኦቭ» የለም፤ ሁለት ደርዘንም «ቱ ደዝን ኤግዝ» ነው፣ ደርዘኑ ላይ ኤስ አይገባም። ስድስት ብቻ ከፈለጉ «ሃፍ ኤ ደዝን»።

ግማሽና ሩብ ለእኛ አይከብድም። «አንድ ፓውንድ ተኩል» በአማርኛ ተኩሉ ኋላ እንደሚመጣ ሁሉ «ኤ ፓውንድ ኤንድ ኤ ሃፍ» ላይም ኋላ ነው። ግማሽ ብቻውን ሲሆን «ሃፍ ኤ ፓውንድ»፣ ሩብ «ኤ ኳርተር ፓውንድ»፣ ሦስት ሩብ «ስሪ ኳርተርዝ ኦቭ ኤ ፓውንድ»።

4. ፓውንድ፣ አውንስና ጋሎን

አንድ ፓውንድ 454 ግራም ገደማ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከኪሎ ወደ ፓውንድ ሲያስቡ እጥፍ ያድርጉና የእጥፉን አንድ አሥረኛ ይጨምሩ። ሦስት ኪሎ ሥጋ ከፈለጉ እጥፉ 6፣ አሥረኛው 0.6፤ ስለዚህ 6.6 ፓውንድ። ገበያ ላይ «ሲክስ ኤንድ ኤ ሃፍ ፓውንድዝ» ቢሉ ይበቃል። ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት 11 ኪሎ ተኩል አይሞላም።

ዋጋው ላይ የሚያዩት ግን «ፓውንድ» የሚል ጽሑፍ አይደለም፤ ኤል እና ቢ የሚሉ ሁለት ፊደላት ናቸው፣ ከላቲኑ «ሊብራ» የመጡ። አውንስም ኦ እና ዜድ ተብሎ ይጻፋል። አንድ ፓውንድ ውስጥ 16 አውንስ አለ፤ ስለዚህ «ኤይት አውንስስ» ግማሽ ፓውንድ ነው። ጠርሙስ ላይ «ፍሉይድ አውንስ» ካዩ ክብደት ሳይሆን የፈሳሽ መጠን ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ።

ጋሎኑ 3.8 ሊትር ይጠጋል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ «ሃፍ ኤ ጋለን» ወይም የጋሎን ሩብ የሆነውን «ኤ ኳርት» ይጠይቅ።

ዊክ የሚባለውን የእናቶችና የሕፃናት ድጋፍ የምትቀበል እናት ይህን ክፍል በደንብ ትያዘው። የተፈቀደው ዕቃ ዝርዝር በአውንስ፣ በጋሎንና በደርዘን ስለሚመጣ፣ ዕቃው ትክክል ሆኖ መጠኑ ሳይገጥም ሲቀር ካሸሩ ጋ አያልፍም።

ማድ ቤት ውስጥ ሌላ መለኪያ ይመጣል። የሻይ ማንኪያ «ቲስፑን»፣ የሾርባ ማንኪያ «ቴብልስፑን»፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይሞላል። «ካፕ» ግን የቡና ስኒ አይደለም። 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ መለኪያ ነው፣ ወደ ውኃ ብርጭቆ ይጠጋል። በስኒ የለካ ሰው ኬኩ እንቢ ቢለው ምድጃው ላይ አያሳብብ።

5. ቁጥሩን በጆሮ ይለማመዱ

መቁጠር የማይችል ጀማሪ የለም፤ ችግሩ መስማት ነው። 13 እና 30፣ 14 እና 40፣ 15 እና 50 ይምታታሉ። መለያው ጉልበቱ የሚወድቅበት ቦታ ነው። 15 ሲሆን ድምፁ መጨረሻ ላይ ይጠብቅና ይረዝማል፣ «ፊፍቲ-ን»። 50 ሲሆን መጀመሪያው ጠብቆ መጨረሻው ቶሎ ይቆረጣል፣ «ፊፍቲ»። አሜሪካኖች አንድ ሌላ ምልክት ይሰጡናል፤ 30፣ 40 እና 80 ላይ ቲዋን ወደ ድ ያስጠጓታል፣ «ሰርዲ»፣ «ፎርዲ»፣ «ኤይዲ» ይመስላል። ድ የምትመስል ከሰሙ አሥራዎቹ ውስጥ አይደሉም። ሃያም «ትዌኒ» ሆኖ ይመጣል። ካልተለየዎ ሳያፍሩ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ይበሉ፤ እነሱም ራሳቸው በስልክ ሲነጋገሩ ያደርጉታል።

ዋጋ ሲነገር ዶላርና ሳንቲም የሚሉት ቃላት ይጠፋሉ። 3.99 «ስሪ ናይንቲ ናይን» ብቻ ነው። «ቱ ፎር ፋይቭ» ማለት ሁለቱ በአምስት ዶላር። «ኢች» የሚል ካዩ በፍሬ ነው የሚሸጠው፤ ኤል ቢ ካለው በሚዛን። አቮካዶና ማንጎ ብዙ ጊዜ በፍሬ፣ ድንችና ሙዝ በሚዛን ናቸው፤ ይህን ሳያዩ የወሰዱት ማንጎ ካሸሩ ጋ ሲደርስ ሊያስደነግጥ ይችላል።

6. ሥጋ ቆራጩ ፊት

በአማርኛ አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ። «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»፣ «ይስጡኝ» ብለን ብቻ ጨዋነታችንን እናሳያለን። «ጊቭ ሚ» ውስጥ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ «ይስጡኝ» በልብዎ ይዘው «ጊቭ ሚ ቱ ፓውንድዝ» ቢሉ የሚሰማው ትእዛዝ ነው። አክብሮቱን «ካን አይ ሃቭ» እና «ፕሊዝ» ይሸከሙታል። ይህችን አንዲት አረፍተ ነገር እንደ ዳዊት ይድገሟት፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋብዎ በሷ ይወጣሉ።

ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

— ነክስት! ዋት ካን አይ ጌት ዩ?
— ሃይ። ካን አይ ሃቭ ቱ ፓውንድዝ ኦቭ ቶፕ ራውንድ፣ ፕሊዝ?
— ሃው ዱ ዩ ዋንት ኢት ከት?
— ስሞል ኪዩብዝ፣ ፕሊዝ። ኖ ፋት።
— ኢትስ ኤ ሊትል ኦቨር። ኢዝ ዛት ኦኬ?
— ዛትስ ፋይን።
— ኤኒሲንግ ኤልስ?
— ኖ፣ ዛትስ ኢት። ታንክ ዩ።

ቆራጩ መጀመሪያ ምን ልስጥዎ፣ ቀጥሎ እንዴት ልቁረጥልዎ ነው የሚልዎት። «ቶፕ ራውንድ» ስብ የማይበዛበት ቀይ ሥጋ ነው፣ አሜሪካ ያለ ሐበሻ ለክትፎ ይመርጠዋል። «ስሞል ኪዩብዝ» ለጥብስ በትንንሹ የተከተፈ። «ኤ ሊትል ኦቨር» ሚዛኑ ካሉት ትንሽ አለፈ ማለቱ ነው፤ ካልፈለጉ «ኤ ሊትል ሌስ፣ ፕሊዝ»፣ እንዲጨምር ከፈለጉ «ኤ ሊትል ሞር፣ ፕሊዝ»። እንዲፈጭልዎ «ካን ዩ ግራይንድ ኢት?» መጨረሻ ላይ ያለችው «ዛትስ ኢት» (ይኸው ነው) ጠቃሚ ናት፤ «ኤኒሲንግ ኤልስ?» (ሌላ የሚፈልጉት አለ?) ለሚለው ዝም ካሉ ሰውየው ቆሞ ይጠብቅዎታል።

አንዳንድ ቦታ ከመጠየቅዎ በፊት ተራ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መቁረጥ አለ። ቁጥርዎ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ነውና ቀደም ብለው ድምፁን በልብዎ ይበሉት።

ለዶሮ፦ ሙሉው «ኤ ሆል ቺክን»፣ ጭኑ «ታይዝ»፣ ፈረሰኛው «ብረስት»፤ አጥንት የሌለው «ቦንለስ»፣ ቆዳ የሌለው «ስኪንለስ»። በ12 ብልት እንዲያወጣልዎ ማስረዳት ግን አጉል ድካም ነው። የአሜሪካ ቆራጭ የለመደው በስምንት ነው፤ ሙሉውን ገዝተው ቤትዎ ቢበልቱት ይሻላል።

7. ምግብ ቤት፣ ጾምና አሳማ

ገና ሳይቀመጡ «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» ይባላሉ፤ እዚህ ይበላሉ ወይስ ይዘው ይሄዳሉ ነው። በርገር ወይም ስቴክ ካዘዙ «ሃው ዉድ ዩ ላይክ ኢት?» ይከተላል። ይህን ጥያቄ ክትፎ ቤት ያውቁታል፦ ለጥሬ የቀረበው «ሬር»፣ ለብለቡ «ሚዲየም ሬር»፣ የበሰለው «ዌል ደን»። «ቲ» ብቻ ብለው ካዘዙ በረዶ የገባበት ቀዝቃዛ ሻይ ሊመጣ ይችላል፣ «ሃት ቲ» ይበሉ። ለስላሳ «ሶዳ» ነው።

በጾም ወቅት «አይ አም ፋስቲንግ» ማለት ነገር ያወሳስባል። ሰሚው ምንም አይቀምሱም ብሎ ያስባል፤ ታዲያ ምን ሊያዙ መጡ? «ቬጀቴሪያን»ም አይበቃም፤ ወተትና እንቁላል ይገባበታል። ትክክለኛው ቃል «ቪገን» ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል ምንም የለበትም። ዘርዝረው መናገር ከመረጡ «ኖ ሚት፣ ኖ ዴይሪ፣ ኖ ኤግዝ»። «ዴይሪ» ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እርጎ ነው፤ እንቁላል መደብር ውስጥ ከወተት አጠገብ ቢቀመጥም ዴይሪ ውስጥ አይቆጠርምና ለብቻው ይጥሩት። የምስር ሾርባ እንኳ በዶሮ መረቅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፦ «ኢዝ ዜር ቺክን ብሮዝ ኢን ኢት?»

የታሸገ ምግብ ሲገዙ ደግሞ አንድ አቋራጭ አለ። የአሜሪካ ሕግ አለርጂ የሚያስነሱ ዘጠኝ ዋና ዋና ነገሮች በእሽጉ ላይ እንዲገለጹ ያስገድዳል፤ ወተትና እንቁላል ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ከይዘቱ ዝርዝር ሥር «ኮንቴይንስ» የሚል ቃል ይፈልጉ። አጠገቡ «ሚልክ» ወይም «ኤግ» ካለ ብስኩቱ የፍስክ ነው። ይህ መስመር ግን ስለ ሥጋና ስለ ስብ አይናገርም፤ ለዚያ ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው።

አሳማ ለማይበሉ፣ ክርስቲያንም እስላምም፣ ጥያቄው «ደዝ ዚስ ሃቭ ፖርክ ኢን ኢት?» ነው። «ሃም»፣ «ቤከን»፣ «ላርድ» የሚሉት ቃላት አሳማን ያመለክታሉ፤ ፒዛ ላይ የሚደረገው ፔፐሮኒም አብዛኛውን ጊዜ አሳማ አለበት። «ሃምበርገር» ግን ስሙ የመጣው ሃምቡርግ ከተባለችው የጀርመን ከተማ ነው፣ ሥጋው የበሬ ነው። ሐላል መሆኑን ለማወቅ «ኢዝ ኢት ሃላል?» ብቻ በቂ ነው።

8. ልምምዱ

ከቤት ሳይወጡ የአስቤዛ ዝርዝርዎን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ መስመር መጠን፣ መያዣ፣ ስም ይኑረው። «አንየን» ተብሎ የተጻፈ መስመር አልተጻፈም ይባል፤ «ስሪ ፓውንድዝ ኦቭ አንየንዝ» ይሁን። ከዚያ ጮክ ብለው ያንብቡት። የመደብሮቹ የቅናሽ ወረቀት ቤትዎ ድረስ ከመጣ አይጣሉት፤ ልጅዎ ዋጋዎቹን ያለ ቅደም ተከተል እየጠራ እርስዎ ይጻፉ፣ አሥራዎቹና ሠላሳዎቹ የሚለዩት በዚህ ነው።

ልጆች ካነሱ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ያደገ ልጅ እናቱ አፏን ሳትከፍት አዝዞላት ይጨርሳል። ደግነቱ መልካም ነው፣ እናትየዋ ግን አሥር ዓመት ተቀምጣም «ካን አይ ሃቭ» ሳትል ትቀራለች። ልጁ አብሮ ይሂድ፣ ከኋላ ይቁም፣ ስትጠይቀው ብቻ ይናገር። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ በሥራ ቀን ጠዋት ቢሄዱ ቆራጩም ጊዜ አለው፣ ከኋላ የሚገፋም የለም።

ቤት ሲገቡ ደረሰኙን ከዝርዝርዎ ጋር ያስተያዩ። በሚዛን የተሸጠ ነገር ላይ ሦስት ቁጥር ያገኛሉ፤ ክብደቱ፣ የአንዱ ፓውንድ ዋጋ፣ ድምሩ። 1.52 ፓውንድ ቲማቲም በ3.99 ከሆነ 6.06 ዶላር ነው። የተሳሳተ ካገኙ ደረሰኙንና ዕቃውን ይዘው «ከስተመር ሰርቪስ» የሚል ወደተጻፈበት መስኮት ይሂዱና «ሃይ፣ አይ ቲንክ ዚስ ኢዝ ሮንግ። አይ ባት ዋን ፓውንድ፣ ናት ቱ» ይበሉ።